ከነልብሱ የተፈጨ ሽምብራ

ሰው በብዙ ነገር ይዋረዳል። በመጠጥ የተዋረደ አይታችኋል፤ በፍቅር የተዋረደ አይታችኋል፤ በኳስ ቡድን የተዋረደማ በየሻይ ቤቱ ሞልቷል። በሽምብራ የተዋረደ ሰው አጋጥሟችሁ የማያውቅ ከሆነ ግን፣ እንኳን ተገናኘን።

የምሠራው እህል በረንዳ ነው። መርካቶን ለማታውቁ፣ እህል በረንዳ ማለት እህሉ ገብቶ የሚወጣበት፣ አቧራው ግን ገብቶ የማይወጣበት ሰፈር ነው። ሥራዬ የጋሼ ከድርን ጥራጥሬ ማበጠር፣ ማጣራትና መመዘን ነው። ጋሼ ከድር ከወሎ በወጣትነታቸው መጥተው እዚሁ ያረጁ ነጋዴ ናቸው። ለሁሉም ነገር አንድ መልስ አላቸው፤ “አብሽር” ይላሉ። ዝናብ ጆንያውን ቢያረጥበው አብሽር። ነቀዝ ባቄላውን ቢበሳው አብሽር። አንድ ቀን ጣሪያው ላያቸው ላይ ሊወድቅ ሲል “አብሽር” ብለውት፣ ይኸው እስካሁን አልወደቀም።

እኔ ዝምተኛ ነኝ። ሰዎች ትሕትና ይመስላቸዋል። አይደለም። አንድ ነገር ከመናገሬ በፊት ልክ መሆኑን ማጣራት እፈልጋለሁ፤ አጣርቼ ስጨርስ ሰዎቹ ሌላ ወሬ ጀምረዋል። በትምህርት ብዙም አልገፋሁም። የማውቀውን ያወቅሁት ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከስልኬ እያነበብኩ ነው። ምስር ሳጣራ ስለ ምስር አነባለሁ፤ ባቄላ ሳጣራ ስለ ባቄላ። ሰው አብሮት የሚውለውን ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። እኔ ደግሞ ከጥራጥሬ የቀረበ ባልንጀራ የለኝም።

እንግዲህ ተራው የሽምብራ ሲሆን ያነበብኩት እንዲህ ይላል። ነጩ ሽምብራ ፍሬው ትልቅ፣ ቆዳው እንደ ሽንኩርት የውስጥ ልጣጭ የሳሳ ነው። ቀዩ ያገራችን ሽምብራ ደግሞ ትንሽ፣ ጥግ ጥግ ያለው፣ ቅርፊቱም ወፈር ያለ። ጥቁሩ ከቀዩ ጋር ዘመድ ነው፤ ከመጥቆሩ በስተቀር። በፕሮቲን ብዙም አይበላለጡም፤ ልዩነቱ ያለው ቅርፊቱ ላይ ነው። ቅርፊቱ እየጠቆረ በሄደ ቁጥር አንቲኦክሲዳንት የሚባለው ነገር ይበዛበታል። ቅርፊቱን ገፍፎ የጣለ ሰውም ያንን አብሮ ጣለው።

አንቲኦክሲዳንት የሚለውን ቃል ለመረዳት ብዙ ምሳ ሰዓት ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ የገባኝ በቆርቆሮ መስዬው ነው። ሰውነት እንደ ቆርቆሮ ቀስ እያለ ይዝጋል፤ ይህ ነገር ደግሞ እንደ ቀለም ነው፣ ዝገቱን ያዘገየዋል። ይህም የታየው በቤተ ሙከራ፣ በብልቃጥ ውስጥ ነው፤ ሆድ ውስጥ ሲገባ ምን ያህሉ እንደሚሠራ ገና እየተጠና ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። ለሰው ሁሉ ተናግሬያታለሁ፤ የሰማት ግን የለም።

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልችልም። ጽሑፉን አልጨረስኩትም። “ይሁን እንጂ” ብሎ የሚጀምር አንቀጽ ላይ ስደርስ የኢንተርኔት ጥቅሌ አለቀ። ሲመቸኝ እጨርሰዋለሁ አልኩና ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። “ይሁን እንጂ”ን ሳያነብ የተነሳ ሰው ፍሬኑን ሳይፈትሽ ከእንጦጦ ቁልቁል እንደለቀቀ ሹፌር ነው። ይህን ያወቅሁት ግን ታች ከደረስኩ በኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ገበያተኛ ነው። ጥግ ላይ ተከምሮ ማንም የማይነካውን የጥቁር ሽምብራ ጆንያ አይታ “ይሄ ደግሞ ሻግቶ ነው?” አለች። ዝም ብል ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራችሁም ነበር። ነገር ግን ሽምብራው ሳይሻግት ሻገተ መባሉ ልክ አልነበረም። “አልሻገተም፣ እመቤት” አልኩ። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ዝምተኛ ሰው አንዴ ከጀመረ እንደ ተቀደደ ጆንያ ነው፤ የሚያቆመው ባዶ ሲሆን ነው። ስለ ቅርፊቱ፣ ስለ ዝገቱ፣ ስለ ብልቃጡ ነገርኳት። ሴትዮዋ አፏን ከፍታ ስትሰማ ቆይታ ከጥቁሩ ገዝታ ሄደች።

ጋሼ ከድር ከወዲያ ጥግ ብድግ አሉ።

“አንተ፣ ስትናገር ሰማሁህ ልበል?”

“አዎ ጋሼ። ይቅርታ።”

“የምን ይቅርታ። ድገመው እስቲ።”

ደገምኩላቸው። ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝ።

“እንግዲህ ባንተ አባባል እኔም ዝጌያለሁ?”

“ሁሉም ሰው ይዝጋል ጋሼ።”

“ጉልበቴ ሲንቋቋ ጠርጥሬ ነበር” አሉና ከጥቁሩ ሽምብራ ጥቂት ቆንጥረው አፋቸው ውስጥ ጣሉ። ጥሬ ሽምብራ የሚሰበረው በወጣት ጥርስ ነው። በጣታቸው ከወደ ጉንጫቸው አወጡትና “አብሽር፣ መድኃኒት ሁሉ ጠንካራ ነው” አሉ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ማበጠር መሆኑ ቀረ። ጋሼ ከድር ጥቁሩን ጆንያ ከጥግ አውጥተው በር ላይ አስቀመጡት። እኔን ደግሞ ከጆንያው አጠገብ አስቀመጡኝ። መንገደኛ ቆም ባለ ቁጥር “ልጁን ጠይቁት፣ ያነበበ ልጅ ነው፤ የዝገት መድኃኒት ነው” ይላሉ።

“ለስኳር ይሆናል?” ይለኛል አንዱ።

“እንደዚያ አላልኩም። አሰር ስላለው ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው፣ ግን...”

“ይሆናል ማለት ነው። ለወገብስ?”

“ስለ ወገብ ያነበብኩት የለም።”

“አየኸው፣ ስለ ወገብ ሲሆን ዝም አለ” ይላል ለጓደኛው። “መድኃኒት ቤቶቹ እንዳይሰሙት ፈርቶ ነው።”

እኔ ባስተባበልኩ ቁጥር ሽምብራው ተፈላጊ እየሆነ ሄደ። ይህ የመርካቶ ሕግ ነው፤ ነጋዴ “ግዛ” ካለህ ዕቃው ችግር አለበት፣ “አልሸጥም” ካለህ ግን ወርቅ ነው። እኔ “መድኃኒት አይደለም” ስል ሰው የሚሰማው “አልሸጥልህም” ብሎ ነው። ብዙ ሳይቆይ ከሰባተኛ እስከ መሳለሚያ ስሜ ዶክተር ሆነ። የታክሲ ረዳት ሳይቀር መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ “ዶክተር፣ ለራሰ በራነትስ ምን ትለናለህ?” ብሎኛል። ጥያቄው ልክ ጥያቄ ስለነበረ ለማጣራት ቆም አልኩ። ታክሲው ትቶኝ ሄደ።

ወሬው በዚህ መንገድ ሰባተኛ ያለችው የኪራይ ቤቴ ድረስ ደረሰ፤ ማለትም እትዬ ብዙነሽ ዘንድ። እትዬ ብዙነሽ አከራዬ ናቸው። ክፍሌ ከማድቤታቸው ጋር የምትዋሰን፣ ፍራሽ አንጥፌ በሩን ስከፍት በሩ ፍራሹን የሚመታባት ክፍል ናት። ቢሆንም ከሥራዬ በእግር የምደርስባት እሷ ብቻ ናት፤ እንደሷ ያለች ሌላ ክፍል መርካቶ አካባቢ ማግኘት ማለት ደግሞ እህል በረንዳ ውስጥ የጠፋች አንዲት ምስር እንደ መፈለግ ነው።

እትዬ ብዙነሽ በሁለት ነገር ይታወቃሉ፤ በሽሯቸውና በፈገግታቸው። ለሽሯቸው ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። ፈገግታቸው ደግሞ ያስፈራል፤ ምክንያቱም ፈገግ ብለው የተናገሩትን ሳይፈጽሙ የቀሩበት ጊዜ የለም። ታዲያ ባለፈው ዓመት፣ በሁዳዴ ጾም የማርያም ማኅበር ተራቸው ደርሶ ሲደግሱ፣ እትዬ ሙሉ የሚባሉ የማኅበሩ አባል አንድ ጉርሻ ቀምሰው “ብዙዬ፣ ሽሮሽ ዘንድሮ ቀጠነ ልበል?” አሏቸው። በቃ፤ ያሉት ይህን ብቻ ነው። እትዬ ብዙነሽ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ያንን ቃል ሲያመነዥኩ ነው የኖሩት። ዘንድሮ ተራው ዞሮ በጾሙ ውስጥ እንደገና እሳቸው ላይ ወደቀ። እትዬ ሙሉን ዝም የሚያሰኝ ሽሮ ያስፈልጋቸው ነበር። መዘጋጀት የጀመሩትም ገና ጾሙ ሳይገባ ነው።

“አንተ ልጅ፣ የሽምብራ ሐኪም ሆነሃል አሉ” አሉኝ አንድ ቀን በሬ ላይ ቆመው።

“ሐኪም እንኳ አይደለሁም፣ እትዬ።”

“ዝም በል። እሱ የምትሰብከው ጥቁሩ ሽምብራ፣ ሽሮ ይሆናል?”

አጣራሁ። “ይሆናል። ሲከካ ውስጡ እንደ ሌላው ቢጫ ነው።”

“እንግዲያው የዓመቱን ሽሮዬን በሱ አድርግልኝ።”

ሽምብራውን አመጣሁላቸው፤ እሳቸው አጥበው ቆሉት። የቆሉበትን መንገድ ብታዩ፤ አንዷ ፍሬ ከአንዷ አትበልጥ፣ አታንስ። በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላውና ኮረሪማው ተወቅጦ፣ በፀሐይ ደርቆ በየፌስታሉ ተቀመጠ። የቀረው ሽምብራውን ወፍጮ ቤት አስከክቶ፣ ቅርፊቱን በሰፌድ አበጥሮ፣ ከቅመሙ ጋር ማስፈጨት ብቻ ነበር። በዚህ መሀል ወንድማቸው ሸኖ ላይ ማረፉ ተነገራቸው። እያለቀሱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲወጡ፣ አጥሩ በር ላይ ቆም አሉ።

“ከለቅሶ የምመለሰው ለማኅበሩ ዋዜማ ነው። አስከክተህ ለጎረቤታችን ስጣት፣ በሰፌድ ታበጥርልሃለች። ከዚያ አስፈጭተህ ማድቤት ያለው ባልዲ ውስጥ አድርገው።” እንባቸውን ጠረጉና ፈገግ አሉ። “ሽሮዬን ካበላሸህ ፍራሽህን በር ላይ ታገኘዋለህ።”

አደራ የከበደው ሰው ሐሳብም ይበዛበታል። የተቆላውን ሽምብራ አቅፌ ተቀመጥኩና ቅርፊቱን አየሁት። ሁሉ ነገር ያለው እዚህ ነው። ሰው በራሱ እጅ መድኃኒቱን ገፍፎ ይጥልና ዱቄቱን ይበላል። የተጣለው ቅርፊት የት እንደሚሄድ ደግሞ አውቃለሁ፤ ጭድ ተራ ነው የሚሄደው፣ ለሚሸጥ በግ መኖ። እኛ ስንዝግ በጉ ሲያብረቀርቅ ታየኝ። ፍትሕ አይደለም። እትዬ ብዙነሽ ጥቁሩን ሽምብራ የፈለጉት ለጤና ከሆነ፣ ጤናውን አውጥቶ መጣል እሳቸውን ማታለል ነው ብዬ ደመደምኩ። እንግዲህ ስሕተት እንዴት እንደሚሠራ ተመልከቱ፤ እንደ ሌባ በጓሮ አይገባም፣ እንደ ሽማግሌ በፊት በር አንኳኩቶ ነው የሚገባው።

ሽምብራውንና ቅመሙን ይዤ በቀጥታ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ባለ ወፍጮው ከራሱ እስከ እግሩ ዱቄት የለበሰ፣ ዓይኑና ምላሱ ብቻ ያልነጣ ሰው ነው።

“ይከካ?” አለኝ።

“አይከካም። ከነልብሱ ይፈጭ።”

እጁን ጆንያው ውስጥ ከቶ አወጣው። “ለከብት ነው?”

“ለማኅበር ነው።”

“የትኛው ማኅበር ነው? ተሳስቼ እንዳልገባ።”

ወፍጮ ቤት የወረፋ ሕጉ የረቀቀ ነው። ወፍጮው ውስጥ ካለፈው እህል ትንሽ ይቀራል፤ ስለዚህ ከኋላህ የሚያስፈጭ ሰው ያንተን ቀለም ይወስዳል። ጤፍ ያላት በርበሬ ካስፈጨችው ኋላ አትሆንም። ከጀርባዬ የነበረችው ሴት በሶዋን አቅፋ ጆንያዬን አጮልቃ አየችና “ከዚህ ልጅ ኋላማ በሶዬን አላስገባም፣ የከሰል ዱቄት ይሆንብኛል” አለች። አሳለፍኳት። ቀጥሎ ጤፍ ያላት መጣች፤ አሳለፍኳት። የአጃ ባለቤት፣ የስንዴ ባለቤት፣ የበቆሎ ባለቤት ሁሉም ቀደሙኝ። በመጨረሻ በርበሬ የያዘ ሰው ሲመጣ ደስ አለኝ፤ በርበሬ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው፣ ማንንም አይጸየፍም። ሰውየው ጆንያዬን አየና “ይቅርታ ወንድም፣ በርበሬዬ ይጠቁርብኛል” አለ። የዚያን ቀን በወፍጮ ቤት ታሪክ ከበርበሬ በታች የሆነ ሰው እኔ ነኝ።

ዱቄቱ ወጣ። ባለ ወፍጮው ቆቡን አውልቆ አራገፈና መልሶ አደረገው። ለቅሶ ቤት የሚደረግ ነገር ነው።

እትዬ ብዙነሽ በተባለው ቀን፣ በማኅበሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ነጠላቸውን ሳያወልቁ ወደ ባልዲው ሄዱና ክዳኑን ከፈቱት። እኔ ማድቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ሽሮ ነው፣ እትዬ።”

“የምን ሽሮ?”

“የሽምብራ።”

ቆንጥረው በጣታቸው አሹት። አሸተቱት። “ሲሚንቶ ነው” አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ አንድ ሰው “ዝናብ ነው” እንደሚል ነው የተናገሩት።

ስለ ቅርፊቱ አስረዳኋቸው። ስለ ዝገቱ፣ ስለ ጭድ ተራ በጎች፣ ስለ ብልቃጡም ሳይቀር። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

“አስከካ አላልኩህም?”

“ብለውኛል።”

“ውስጡ ቢጫ ነው አላልከኝም?”

“ብያለሁ። ውስጡ አሁንም ቢጫ ነው፤ አልታየም እንጂ።”

ባልዲው አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ አሉ። ከሸኖ ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እትዬ ሙሉን አግኝተዋቸው፣ “ዘንድሮ ሽሮዬ በሐኪም የታዘዘ ነው፣ ነገ ታዪዋለሽ” ብለዋቸው መጥተዋል። ከሱቅ ሽሮ ገዝቶ ማቅረብ አይታሰብም፤ የማኅበሩ ሴቶች የሱቅ ሽሮን ከአጥር ውጪ ሆነው አሽትተው ያውቁታል። ከጎረቤት ተበደሩ እንዳልል፣ የጎረቤት ሽሮ ደግሞ የጎረቤቷ መሆኑ ይታወቃል። እትዬ ብዙነሽ ከባልዲው ቀና ብለው አዩኝ። ፈገግ አሉ። ወደ ክፍሌ ገብቼ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

በማግስቱ ድስቱ ተጣደ። ያ ሽሮ ውኃ ይጠጣል ስላችሁ፤ ቢጨምሩበት ይጠጣል፣ ቢጨምሩበት ይጠጣል። እትዬ ሙሉ አምና ቀጠነ ያሉትን የሚክስ ይመስል፣ ማማሰያው ያለ ሰው እጅ ቀጥ ብሎ ቆመበት።

ሴቶቹ በነጭ ነጠላ መጥተው ተደረደሩ። የማኅበሩ ቄስ ባርከው ሲያበቁ ወጡን አዩና፣ እስከ ማታ የሚጾሙ መሆናቸው ትዝ ብሏቸው ተሰናብተው ወጡ። እኔ የእጅ ማስታጠቢያ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ፍራሼ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል።

እትዬ ሙሉ ትልቅ፣ ግርማ ያላቸው ሴት ናቸው። ጥቁሩን ሽሮ አዩት፤ እትዬ ብዙነሽን አዩ፤ ቆርሰው ጠቅልለው ጎረሱ። ሁሉም መሶብ ላይ እጁን አቆመ። እትዬ ሙሉ አላመጡ፣ አቆሙ፣ እንደገና አላመጡ።

“ብዙዬ” አሉ በመጨረሻ። “ይሄ ሽሮ ይመራል ልበል?”

እትዬ ብዙነሽ ጠላ እየቀዱ ነበር፤ መቅዳታቸውን አላቋረጡም።

“ለታመመ ሰው ይመራል አሉ፣ ሙልዬ” አሉ። “ውስጡ ለዛገ ሰው። ለጤነኛማ ጣፋጭ ነው። እንዲያውም በሽታ መለያ ነው። ልጁ ነው ያጠናው።”

እኔ እንደዚያ አላልኩም። ያነበብኩትም የትም እንደዚያ አይልም።

እትዬ ሙሉ ለአፍታ አሰቡ። “እኔማ ጣፍጦኝ ነው፤ የሚመረው ሰው ካለ ብዬ ልጠይቅ ነው” አሉና ሌላ ጎረሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር። አንዷ “ማር ነው” አለች እንባዋ እየመጣ። ሌላዋ “እንዲያውም ጣፋጭነቱ አልበዛም?” አለች። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ደግሞ ጉርሻቸውን አፋቸው አጠገብ አቁመው “እኔ ስኳር አለብኝ፤ ይህን ያህል ጣፋጭ አይጎዳኝም?” ብለው ጠየቁ። የመጣው ወጥ አለቀ። ተጨመረ። ማኅበሩ ከተመሠረተ እንደዚያ ቀን ጤነኛ ሆኖ አያውቅም።

እትዬ ሙሉ ግን በቀላሉ የሚታለሉ ሴት አይደሉም። ጉርሻ አዘጋጁና ወደ በሩ ዞሩ።

“ና እስቲ ዶክተሩ። አንተ ነህ ያጠናኸው፤ በል ቅመስና ንገረን።”

አጎረሱኝ። ያ ጉርሻ አፌ ውስጥ እያለ ያሰብኩትን ሁሉ ብጽፈው ወረቀት አይበቃም። እንደ ኮሶ የሚመር፣ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ነገር ነው። ጣፋጭ ነው ብል ውሸት ነው፤ እኔ ደግሞ የሽምብራ መጠን እንኳ ስመዝን ያልዋሸሁ ሰው ነኝ። እትዬ ብዙነሽ ዋሹ ብል፣ ሴትዮዋ በገዛ ቤታቸው፣ በማኅበራቸው ፊት፣ ከወንድማቸው ለቅሶ በተመለሱ ማግስት ይዋረዳሉ። ያበላሸሁት እኔ፣ የሚዋረዱት እሳቸው። አየኋቸው። ፈገግ አላሉም። የዚያን ጊዜ ብቻ ፊታቸው ላይ ፍርሃት አየሁ።

ዋጥኩት። ስለ ሌላ ሰው አፍ መናገር እንደማልችል፣ ስለ ራሴ ግን ልክ የሆነ አንድ ነገር እንዳለ ታየኝ።

“እኔን ይመረኛል” አልኩ።

ከዚያ ከጥግ በኩል “ውይ ልጄን” የሚል ድምፅ መጣ። “እግዜር ይማርህ” አለች ሌላዋ። እትዬ ሙሉ ተነስተው የዓይኔን የታች ቆዳ በአውራ ጣታቸው ወደ ታች ሳብ አድርገው አዩ። “ገርጥቷል” አሉ ለማኅበሩ። አንዷ ፌጦ አለች፣ አንዷ ጠበል አለች፣ አንዷ ዳማከሴ። “እኔስ ሰሞኑን ከፊቱ ጠርጥሬ ነበር” አሉ እትዬ ብዙነሽ፣ ድምፃቸው ወደ ቦታው ተመልሶ። “እስኪ አስቡት፤ የራሱን በሽታ በራሱ ጥናት አገኘው።” እትዬ ሙሉ እጃቸውን እየታጠቡ ሳለ እኔን ሳያዩ “ብዙዬ፣ የዘንድሮ ሽሮሽ ወፍራም ነው” አሉ። ዓመት ሙሉ የተጠበቀው ቃል ይሄ ነበር።

ከምሳ በኋላ የሆነውን ግን ለማኅበሩ ክብር ስል አልጽፈውም። ሽምብራ ከነቅርፊቱ ሲበላ አሰሩ ብዙ ነው፤ አሰር ደግሞ ሆድ ገብቶ ዝም የሚል እንግዳ አይደለም። ሁሉም ጤነኛ ስለሆኑ ማንም ማንንም አልጠየቀም። አግዳሚ ወንበሩ ብቻ ተንቋቋ።

ፍራሼን ፈታሁት። የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቼም ያንን አንቀጽ አነበብኩት። “ይሁን እንጂ” ይላል፤ ይሁን እንጂ በዚሁ ጥቁር ቅርፊት ውስጥ ምግቡን የሚያመር፣ ጉሮሮ የሚያደርቅ፣ ምግብ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ የሚያደናቅፍ ነገር አብሮ አለ፤ ስለዚህ ሰዎች ይዘፈዝፉታል፣ ይቆሉታል፣ ይገፉታል። እናቶች ሰፌድ ይዘው ሲያበጥሩ የኖሩት አጉል ልማድ ሆኖባቸው አልነበረም ማለት ነው። ለጋሼ ከድር አነበብኩላቸው። ጥቁሩ ሽምብራ ተሽጦ አልቆ ስለነበር “አብሽር፣ የሚቀጥለው ሲመጣ እንነግራቸዋለን” አሉ። በማግስቱ እትዬ ሙሉ ሱቃችን ድረስ መጥተው ጥቁሩን ሲያጡ፣ ተራቸው ሲደርስ ከነልብሱ እንደሚያስፈጩት ነግረውኝ ሄዱ። “ይሁን እንጂ” አልኳቸው። “ዝም በል፣ አንተ ታመሃል” አሉኝ።

የባልዲው ሽሮ የተረፈው ብዙ ነበር። ጤነኛ ሰው መድኃኒት አይሻማም ተብሎ ለበሽተኛው ተመደበ። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ጥቁሩ ሽሮ በሳህን ተከድኖ ይጠብቀኛል፤ እትዬ ብዙነሽም ማድቤታቸው ሆነው በግድግዳው በኩል “ዛሬስ?” ይሉኛል። እቀምስና አጣርቼ “ይመረኛል” እላለሁ። “አይዞህ፣ ይሻልሃል” ይላሉ። እሳቸው ለራሳቸው ቀይ ሽምብራ አስከክተው፣ በሰፌድ አስበጥረው ሌላ ሽሮ አዘጋጅተዋል፤ ሽታው በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። እኔ ያንን እያሸተትኩ ይህን እበላለሁ። ግድግዳው ለሁለታችንም አንድ ነው፤ ሽሮው ነው የተለያየው።

ባለፈው ባልዲው ወደ ታች ወርዶ ማንኪያ ሥሩን ሲነካ ሰማሁና ደስ አለኝ። ያን ዕለት ከሥራ ስመለስ ከሩቅ በሬ ላይ የተጠቀለለ ነገር አየሁ። ፍራሼ ነው አልኩ፤ ነገሩ እስኪረሳ ጠብቀው ነው አልኩ። ቀርቤ ሳየው ፍራሽ አይደለም፤ አፉ የታሰረ ትልቅ ማዳበሪያ ነው። ፈታሁት። ጢም ብሎ የሞላ የሽምብራ ቅርፊት ነው።

እትዬ ብዙነሽ ሰፌዳቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

“የአዲሱ ሽሮ ነው። ለጭድ ተራ ሊሸጥ ነበር፤ ከበጉ አፍ ነጥቄ አስቀመጥኩልህ። ሰኞ ታስፈጨዋለህ።”

ትንሽ አሰብኩ፤ አፌን በሐሳቤ ፈተሽኩት። እውነቱን ለመናገር ከጥቂት ቀናት ወዲህ ምሬቱን ለምጄው ነበር።

“እትዬ፣ አሁን እኮ መጣፈጥ ጀምሮልኛል።”

“ይኸው፣ መድኃኒቱ ሠራ ማለት ነው” አሉና ፈገግ አሉ። “መድኃኒት ደግሞ ተሻለኝ ተብሎ መሀል ላይ አይቋረጥም።”